ገደሉ ላይ የነበረው ነጭ ነገር

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ «ይማምን ያገኘችው እሷ ናት» እየተባልኩ ብዙ ተመርቄአለሁ። የማላውቃቸው እናቶች ገበያ መሀል እጄን ይዘው ስመውኛል። የባጃጅ ሹፌር «ካንቺማ አልቀበልም» ብሎ በነፃ አድርሶኛል። እኔም አሜን እያልኩ ተቀብያለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ያ ምርቃት ለምን እንደማይገባኝ ነው። ነገሩ ከወፍ ተነስቶ ከሰው እግር ይደርሳል፤ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ዘይነባ እባላለሁ። ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ሰባት ዓመት ኩዌት ሰው ቤት ሠርቼ ተመልሼ፣ መካነ ሰላም ከመናኸሪያው በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ፎቶ ቤት ከፍቻለሁ። ሠርግ አነሳለሁ፣ የተማሪ ምርቃት አነሳለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። ግማሾቹ ደንበኞቼ እኔ ወደተመለስኩበት አገር ለመሄድ ፓስፖርት የሚያወጡ ልጃገረዶች ነበሩ። «አገሩ እንዴት ነው እትዬ?» ሲሉኝ «ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ አገጭሽን ዝቅ» እላቸዋለሁ። ብዙ ወሬ አልወድም። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል፤ አልክድም።

ከኩዌት ይዤ የመጣሁት ትልቁ ንብረቴ ወርቅ አልነበረም። ረጅም ሌንስ ነው፤ ክንዴን የሚያክል፣ ሩቅ ያለውን ጎትቶ አፍንጫችሁ ሥር የሚያመጣ። የቀጣሪዎቼ የበኩር ልጅ በረሃ እየወጣ ወፍ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ነበር። እኔ ውኃና ምግብ ተሸክሜ እከተለው ነበር። ትዕግሥት ያለው ልጅ ነው፣ ወፍ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ እጅ እንዴት እንደማይንቀጠቀጥ አስተማረኝ። አዲስ ሌንስ ሲያወጣ አሮጌውን እኔ ገዛሁት። የስንት ዓመት ጉልበቴ እዚያ ውስጥ እንዳለ እኔና አላህ ነን የምናውቀው።

በዚያው ሳምንት ከመንገድ ዳር ሻጭ ላይ ከሌንሱ አፍ የሚገጠም መከላከያ መስታወት ገዛሁ። ፊልተር ይሉታል። ክብ፣ ጠፍጣፋ፤ ሥራው የሌንሱን ዋና መስታወት ከአቧራና ከጭረት መጠበቅ ብቻ ነው። አዙሬ አጠበቅሁት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላወለቅሁትም።

ለምን አላወለቅሽም ብትሉኝ፣ እኛ ጋ ከአረብ አገር የመጣ ዕቃ ሽፋኑ አይገፈፍም። እናቴ ቤት የላክሁት ሶፋ ላስቲኩን እንደለበሰ ነው የኖረው፤ እንግዳ ሲቀመጥ ይንጫጫል፣ ፀሐይ ሲሆን ጭን ላይ ይጣበቃል፣ ግን ማንም አይነካውም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሎ በጎማ ታስሮ ነው የሚነካው። ቁጥሩ አይታይም፣ ጣቢያ የምንቀይረው በግምት ነው። ልጅሽ አልጋ ስታነጥፍ፣ የሰው ሽንት ቤት ስታጥብ ኖራ ያመጣችው ዕቃ ነው፤ እንዴት ተደርጎ ይገፈፋል? የእኔም ሌንስ ላስቲኩ ያ መስታወት ነበር።

አሁን ወደ ይማም ልምጣ። ይማም ከከተማው ራቅ ብሎ ያለው ጫካ ስካውት ነበር። አሮጌ ጠብመንጃውን አንግቶ ቀኑን ሙሉ እየዞረ እንጨት ቆራጭና አዳኝ ይከለክላል። ከእኔ በሃያ ዓመት ይበልጣል፤ ጋሽ ይማም እለዋለሁ፣ እሱ ዘይኔ ይለኛል። ከሰው ይልቅ ወፍ ያውቃል። በተለይ አንዷን አጥንት ሰባሪ አሞራ ስትነሳበት ሌላ ሰው ነው የሚሆነው። ደረቷ ዝገት የመሰለ ቀይ ነው፤ አጥንት ይዛ ሽቅብ ወጥታ ድንጋይ ላይ ትለቅና ተሰብሮ ሲያበቃ ወርዳ መቅኑን ትበላለች። እኛ አሞራ ገደል የምንለው ገደል ላይ ጎጆ ሠርታ አንድ ጫጩት ነበራት። ይማም ሐሳቡ አንድ ነበር። የዚህች አሞራ ትልቅ ፎቶ ተሠርቶ ከጫካው መግቢያ ይሰቀል፤ ሰው አይቶ ይምጣ፤ ሰው ከመጣ ጫካው አይቆረጥም። ፎቶውን እኔ እንዳነሳለት ለምኖኝ እሺ ብዬዋለሁ።

ብዙ ጊዜ ሄድን። ገደሉ ፊት ለፊት፣ ከሸለቆው ማዶ ቆመን እናነሳለን። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ወፍ ለማንሳት የመጣ ሰውዬ አገኘንና አብረን ቆምን። ሰውዬው ሌንሴን አየት አደረገና፣

«እህቴ፣ ይኼን መስታወት ለምን አታወልቂውም?» አለኝ።

«ለምን አወልቀዋለሁ?»

«በአጭር ሌንስ ብዙም አይታወቅ። እንዲህ ባለ ረጅም ሌንስ ግን ርካሽ መስታወት ሥዕሉን ያደበዝዘዋል። ሌንሱ ሩቁን ሲያጎላ የመስታወቱንም ጉድለት አብሮ ነው የሚያጎላው። ፀሐይ ከፊት ከሆነች ደግሞ ይብሳል፣ ጭጋግ ይለቅብሻል።»

«ቢቧጨር አንተ ትተካልኛለህ?»

«ጥሩ መስታወት ቢሆን ተይው እል ነበር፤ ይኼ ግን…»

«የእኔ ነው» አልኩት። «ለፍቼ ያመጣሁት ነው። አንተ የራስህን አንሳ።»

ሰውዬው ትከሻውን ሰብቆ ወደ ራሱ ካሜራ ዞረ። ይማም ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ዘይኔ፣ እንግዳ እኮ ነው» አለኝ። አፈርኩ፤ ግን ከማፈሬ እልኬ በለጠ።

በሳምንቱ ይማም ፎቶ ቤት መጥቶ ያነሳሁትን ኮምፒውተር ላይ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ።

«ይቺ አሞራ ጢም አላት። የታለ ጢሟ?»

«ሩቅ ስለሆነ ነው።»

«ቅንድቧስ ሥር ያለው ቀይ?»

«ጋሽ ይማም፣ ገደሉ ሩቅ ነው አልኩህ። ሌንስ ነው እንጂ ክንፍ አይደል።»

«እንግዲያው ቀረብ ያለ ቦታ እፈልግልሻለሁ» አለ። «ጫጩቱ ሳይበር ማንሳት አለብሽ።»

ሩቅ ስለሆነ ነው ማለቴን ልብ በሉልኝ። እኔ መስታወቱን ማውለቅ ነበረብኝ፤ እኔ ባለማውለቄ እሱ ቀረብ ያለ ቦታ ፍለጋ ሰኞ ጠዋት ብቻውን አሞራ ገደል ሄደ። ማታ ወደ ቤቱ አልተመለሰም።

እኔ የሰማሁት ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። መኮንን የሚባለው የቀበሌው ሚሊሻ ሞተር ይዞ ፎቶ ቤቴ ደጃፍ ቆመ። የይማም ጎረቤት ነው።

«ካሜራሽን ይዘሽ ነይ። ረጅሙን።»

«ምን ሆነ?»

«ይማም ጠፍቷል። ከጠዋት ጀምሮ እየፈለግን ነው። ሸህ ሐሰን ‹የዘይነባ ካሜራ ሩቅ ያያል፣ አምጧት› ብለዋል።»

ሸህ ሐሰን የይማም ታላቅ ወንድም ናቸው። ሰባ የተጠጉ፣ ለአካባቢው ልጆች ቁርአን የሚያስተምሩ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን የሚሰማ ሰው። ስንደርስ ከሸለቆው አፋፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። በዙሪያቸው ቀበሌው በአንድ ለአምስት ጠርቶ ያወጣው ሰው ሁሉ ቆሟል። የይማም ሚስት ፋጡማ ከሁሉም ተነጥላ፣ ነጠላዋን አገልድማ ገደሉን ታያለች።

መኮንን ነገሩን አስረዳኝ። የይማም ዱላ ታች ወንዙ ዳር ተገኝቷል። ወንዝ ውስጥ ወድቆ ከሆነ ሰዉ ሁሉ ወርዶ ውኃውን ተከትሎ መፈለግ አለበት። ገደሉ ወገብ ላይ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ ገመድ ይዞ ዞሮ በወዲያኛው አናት መውረድ ያስፈልጋል፤ ዙሩ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ገመድ ለመያዝም ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ሁለቱንም ባንዴ ማድረግ አይቻልም። ከማዶ ሆኖ በባዶ ዓይን የሚታይ ነገር የለም።

«ልጄ» አሉ ሸህ ሐሰን፣ «ገደሉ ላይ ሰው አለ ወይስ የለም? እሱን ብቻ ንገሪን።»

ካሜራውን ባለሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቆምኩ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አጋድላ ልክ ከፊታችን ነበረች፤ ገደሉ ጥላ ውስጥ ነው። በሌንሱ ሳይ ሁሉ ነገር ግራጫ ሆነብኝ። ደጋግሜ አነሳሁና ካሜራው ጀርባ ላይ ባለችው ትንሽ ስክሪን እያጎላሁ አየሁ። ጎጆው ያለበትን ጫፍ አወቅሁት፤ ከሥሩ አሞራዎቹ የሚጥሉት ነጭ ኩስ ተንጠባጥቦ ይታያል። ከእሱ በስተቀኝ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሌላ ነጭ ነገር አለ። አጎላሁት። ጠርዙ የለውም፤ ነጩ ከግራጫው ጋር ተደባልቋል። ጨርቅ ይሁን ድንጋይ አይለይም።

ሰዉ ከኋላዬ ተሰብስቧል። «የእሷ ካሜራ ማዶ ያለ ጉንዳን ይቆጥራል» ይላል አንዱ። ሸህ ሐሰን ተነስተው መጥተው ስክሪኗን አዩ።

«ይኼ ነጩ ምንድን ነው?»

አልለየሁትም። መልሱ ይኼ ነበር፤ «አልለየሁትም አባባ፣ ሰውም ሊሆን ይችላል።» አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ግን ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ሰባት ዓመት የለፋሁበት ሌንስ አይለይም ብዬ መናገር አፌ እምቢ አለኝ። ያ የአዲስ አበባ ሰውዬ ያለኝም ትዝ አለኝ። ትክክል ነበር ብዬ ማመን አልፈለግሁም። ለአሞራ ደግሞ እኔ አዋቂ ነኝ፤ ያንን ገደል ስንት ጊዜ አንስቼዋለሁ።

«ኩስ ነው» አልኩ። «የአሞራ ኩስ። ጎጆዋ እዚያው ነው።»

«ልጄ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ አባባ። እርግጠኛ ነኝ።»

ሸህ ሐሰን መቁጠሪያቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ። ፋጡማ ከተነጠለችበት መጥታ «እስቲ ወደዚያ ሁለት ሰው እንኳ ይሂድ» አለች። እሳቸውም በለሆሳስ «ፋጤ፣ አይታ ነው እኮ የምትነግረን» አሏትና ወደ ሰዉ ዞሩ። «ወደ ወንዝ። ቢስሚላህ በሉ።»

ሰዉ ሁሉ ወረደ። እኔ ማቆሚያውን አጣጥፌ፣ ካሜራዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። መንገድ ላይ አሁንም እርግጠኛ ነኝ እያልኩ ለራሴ ደጋገምኩት። እርግጠኛ የሆነ ሰው እንደዚያ እንደማይደጋግም አሁን ነው የገባኝ።

እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። ገና ሲነጋጋ ፎቶ ቤት ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የማክሰኞውን ፎቶና ከሁለት ሳምንት በፊት ከዚያው ቦታ ያነሳሁትን ጎን ለጎን አደረግሁ። ሁለቱም ደብዛዛ ናቸው። ጎጆው አለ፣ ከሥሩ ያለው ኩስ በሁለቱም አለ። በስተቀኝ ያለው ነጭ ነገር ግን በአሮጌው ፎቶ ላይ የለም። ኩስ ደግሞ ወደ ታች ነው የሚንጠባጠበው፤ ይኼ ወደ ጎን ተጋድሟል። ያን ያህል ኩስ በሁለት ሳምንት አይጠራቀምም። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። «ያ አላህ፣ ጋቢ ነው» አልኩ ለብቻዬ።

ሞተር ተኮናትሬ እዚያው አፋፍ ደረስኩ። ሰዉ ገና ታች ወንዝ ውስጥ ነው፤ ጩኸታቸው ይሰማል። አፋፉ ላይ ሸህ ሐሰን፣ ፋጡማና ለእነሱ የቀረው መኮንን ብቻ ነበሩ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠሁም።

«አባባ፣ እንደገና ልየው።»

ምንም አልጠየቁኝም። ካሜራውን አቆምኩ። ፀሐይዋ አሁን ከጀርባችን ናት፣ ገደሉ በርቷል። የተሻለ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ተሻለም፤ ነጩ ነገር እዚያው ነው። ግን ሳጎላው ዛሬም ጠርዙ ይሟሟብኛል።

«ዛሬስ?» አሉ ሸህ ሐሰን።

«አልለየሁትም» አልኩ። ከትናንት ጀምሮ ያወጣሁት የመጀመሪያው እውነት ይኼ ነው። «ይኼ መስታወት መውለቅ አለበት።»

ያዝኩት፤ አልዞር አለ። ስንት ዓመት አቧራ ጠጥቶ ጠብቋል። በነጠላዬ ጠቅልዬ ሞከርኩ፣ መኮንን አካፋ በሚያህል እጁ ሞከረ፣ ጠርዙ ስስ ስለሆነ ስንጨምቀው ጭራሽ ይነክሳል።

«ስበሪው» አለች ፋጡማ።

«ስባሪው ዋናውን መስታወት ከጫረው ምንም አናይም» አልኳት።

መኮንን ይኼኔ ጎንበስ ብሎ ከመኪና ጎማ የተሠራውን በረባሶውን አወለቀ። ጭቃውን በሱሪው ጠረገ። «ጎማ ያዝ ያደርጋል» አለኝ። «የቤንዚን በርሜል ክዳን እምቢ ሲለን እንዲህ ነው የምንከፍተው። አንቺ ሌንሱን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ።» የበረባሶውን ሶል በመስታወቱ ፊት ላይ ለጥፎ፣ በሙሉ መዳፉ ተጭኖ ቀስ ብሎ አዞረው። ያን ያህል ዓመት ጨርቅ እንኳ በስሱ ካልሆነ አላስነካሁትም ነበር፤ በረባሶ ሲታሸበት ቆሜ አየሁ። ክርር አለና ተንቀሳቀሰ። መኮንን አውልቆ እጄ ላይ አደረገልኝ።

እንደገና አየሁ። መጀመሪያ የታየኝ የጋቢው ጥለት ነው። ቀጥሎ እጥፋቱ። ከጋቢው ሥር የወጣ ካኪ እጅጌ፣ ከእጅጌው የወጣ እጅ። እግሩ ላይ ድንጋይ ተንዶበታል። አይንቀሳቀስም። ከሦስት እርምጃ በማይርቅ ቦታ ጥንብ አንሳ ቆማ አንገቷን ቀልሳ ታየዋለች። አሞራ በሌንስ ስጠብቅ ኖሬአለሁ፤ ምን ስትጠብቅ እንዲህ እንደምትቆም አውቃለሁ። አንድ ደቂቃ ይሁን አምስት እንጃ፣ ትንፋሼን ይዤ እጁን እጁን አያለሁ። ከዚያ እጁ ተንቀሳቀሰ። መሬቱን ዳበሰ፣ ጠጠር አነሳ፣ ወደ ጥንብ አንሳዋ ወረወረ።

«አለ» አልኩ። «አለ አባባ። ድንጋይ ወረወረ።»

ፋጡማ እዚያው ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። መኮንን አንድ እግሩ በባዶ እንደሆነ ወደ ወንዙ እየተጣራ ቁልቁል ሮጠ። ሸህ ሐሰን ግን ትከሻዬን ይዘው ጠየቁኝ።

«ትናንት ለምን አልታየሽም ልጄ?»

«ፀሐይ ነበር አባባ። ፀሐይዋ ከፊት ነበረች።»

ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። እሳቸው ግን አመኑኝ።

ሰዉ ዞሮ ገደሉ አናት እስኪደርስ ቀትር አለፈ። አራት ሰው በገመድ ወርዶ ድንጋዩን አንስቶ አወጣው። በቃሬዛ ተሸክመው መካነ ሰላም አደረሱት፤ ከዚያ በአምቡላንስ ወደ ደሴ ተላከ። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ፋጡማ እንደነገረችኝ ሐኪሙ «በአንድ ቀን ቀድማችሁ ብታመጡት ኖሮ» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። እሷ ይህን የምትነግረኝ እኔን ለመውቀስ አልነበረም። «ዘይኔ፣ አላህ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ሬሳውንም አላገኝ» እያለች ነው።

ምርቃቱ የጀመረው ያኔ ነው። ሸህ ሐሰን በበኩላቸው ሰው ባገኙ ቁጥር «ወደ ወንዝ በሉ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይሉ ነበር። ሰዉ «አብሽሩ ሸህ፣ ምን ያድርጉ» ይላቸዋል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝም እላለሁ። የማክሰኞዋን ፎቶ ላጠፋት እጄን ዘርግቼ የተውኩበት ቀን አለ። የተውኩት ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ከአሥር ቀን በኋላ ደሴ ሄድኩ። ይማም አልጋው ላይ ደገፍ ብሎ ተቀምጧል። ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል። ሳየው ወደ ብርድ ልብሱ ላለማየት ብርቱካን መላጥ ጀመርኩ። ስለ ምግቡ፣ ስለ ነርሶቹ አወራን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣

«ዘይኔ፣ ሰው ፊት ያልጠየቅሁት ነገር አለ። ማክሰኞ ዕለት ገመድ አጥታችሁ ነው?»

«የምን ገመድ?»

«ከማዶ ቆማችሁ አይቻችኋለሁ እኮ። ጠብመንጃዬ ከናዳው ጋር ገደል ገብቷል፣ ድምፄ ተዘግቶ ነበር፤ ጋቢዬን ገፍፌ አውለበልብ ነበር። ክንዴ ሊገነጠል ደረሰ። ከዚያ ያንቺ መስታወት ብልጭ አለ። ፀሐይ መታውና ዓይኔ ውስጥ ገባ። ‹ዘይኔ አየችኝ› አልኩ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ጋቢዬን ለበስኩና ጉልበቴን ልቆጥብ ብዬ ተጋደምኩ። ስትሄዱ ገመድ ልታመጡ ነው ብዬ ስጠብቅ መሸ። ለምን ዘገያችሁ?»

ብርቱካኑ ከእጄ ወደቀ። ከዚህ በፊት በልቤ ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ሁሉ ነበረኝ፤ ፀሐይ፣ ርቀት፣ ጭጋግ። ሰውየው ግን እኔን አይቶ፣ እኔን አምኖ ነው ማውለብለብ የተወው።

«አይቼህ ነበር» አልኩት። «ነጭ ነገር አየሁ። መስታወቱ አደብዝዞት ነበር፣ ምን እንደሆነ አልለየሁትም። ሸህ ሐሰን ሲጠይቁኝ ኩስ ነው አልኩ። እርግጠኛ ነሽ አሉኝ፤ እርግጠኛ ነኝ አልኩ። አልነበርኩም። አላየሁም ማለት አሳፍሮኝ ነው። ወደ ወንዝ የሄዱት በእኔ ቃል ነው።»

ይማም አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ለሸህ ሐሰን ነግረሻቸዋል?»

«አልነገርኩም።»

«ትናንት እዚህ ነበሩ። ያ ሽማግሌ እግርጌዬ ተቀምጦ ‹እኔ ነኝ እግርህን የቆረጥኩት› እያለ ሲያለቅስ ዋለ። ሂጂና ንገሪያቸው።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ተነስቼ ወጣሁ።

ነገርኩት እንጂ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አላልኩትም። ይኼን ልብ ያልኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ሸህ ሐሰን ግቢ ሄድኩ። መኮንንም ፋጡማም፣ ያን ቀን አፋፉ ላይ ከነበሩት ሰዎችም ጥቂቶቹ ነበሩ። ለብቻቸው ልንገራቸው ብዬ አስቤ ነበር፤ ከዚያ እርግጠኛ ነኝ ያልኩት ሰው ሁሉ ፊት አልነበረ? ቆሜ ተናገርኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ መስታወቱንም፣ ሰውዬው የመከረኝንም፣ ይማም ጋቢውን መልሶ የለበሰበትንም ሳይቀር። ፋጡማ ስጨርስ ተነስታ ቤት ገባች።

ሸህ ሐሰን መቁጠሪያቸውን እጃቸው ላይ ጠቅልለው ያዙ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ግን ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባቸው ቀና ሲል አየሁት።

«እኔ ላይ የጣልሽውን ሸክም ስላነሳሽልኝ አላህ ይስጥሽ» አሉኝ። «በእኔ በኩል አፉ ብያለሁ። የእግሩን ግን አፉ የምለው እኔ አይደለሁም ልጄ። የእሱ ነው።»

ይኼው ነው። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። አንባቢዎቼ፣ ይህን ስታነቡ «ታዲያ መስታወቱን ብታወልቂው ኖሮ» የምትሉ አትጠፉም፤ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎችም ሁልጊዜ ይኼንኑ ነው የሚሉኝ። እውነት ነው፣ ረጅም ሌንስ ላይ ርካሽ መስታወት አትግጠሙ፤ አቧራ ከፈራችሁም ጥሩውን ግዙ፣ ካልሆነም ሌንሱን ከአፉ ላይ በሚገጠመው የጥላ መከለያ ጠብቁት። እኔ ዛሬ በባዶው ነው የማነሳው። ከዳር በኩል አንድ ጭረት አለው፤ ከዚያች ጭረት የተነሳ የተበላሸ ፎቶ እስካሁን አላየሁም።

ግን መስታወቱን መክሰስ ይቀለኛል፤ ስለዚህ አልከሰውም። መስታወቱ ያደበዘዘው ሥዕሉን ብቻ ነው። እርግጠኛ ነኝ ያለው የእኔ አፍ ነው። የእናቴን ሶፋ ላስቲክ ገፍፌ ጥዬዋለሁ፤ ለሁለት ቀን አኩርፋኛለች። ፎቶ ቤት የሚመጡ ልጃገረዶች አገሩ እንዴት ነው ሲሉኝ አሁን ካሜራውን አስቀምጬ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፣ ያላየሁትን አላየሁም እላቸዋለሁ። ይኼ ቃል አፍ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት በሰው እግር ነው። እናንተም አንድ ቀን ሰው ሁሉ አፋችሁን እያየ «እርግጠኛ ነህ? እርግጠኛ ነሽ?» ይላችሁ ይሆናል። ማዶ ሆኖ መልሳችሁን የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ቁጠሩት።

ፋጡማ ሰላምታ አትነፍገኝም፤ ፎቶ ቤቴን ግን ረግጣው አታውቅም። ይማም ከስካውትነት ወጥቶ በሰው ሠራሽ እግር እየተራመደ ከቤቱ ደጃፍ ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። አፉ በለኝ ልለው ሦስት ጊዜ ሄጄአለሁ። በርጩማ ይስበልኛል፣ ለስላሳ ይከፍትልኛል፣ ጫጩቱ በርሮ የት እንደደረሰ ይጠይቀኛል። ሦስቱንም ጊዜ ስለ አሞራ አውርተን ተመልሻለሁ።